ከለገሃር እስከ አያት፤ ለጀማሪ አስጎብኚዎች

አዲስ አበባ የቱሪስት ከተማ ሆናለች። የሚጠራጠር ካለ አመሻሽ ላይ ወጣ ብሎ የመንገዱን መብራት ይቁጠር። እንግዳው በዝቷል፤ አስጎብኚውም በዝቷል። ሆኖም የዘንድሮ አስጎብኚ እንግዳውን ይዞ የሚዞርበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ጧት እንጦጦ፣ ረፋዱ ላይ ድንቅነሽን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላ አንድነት ፓርክ፣ ማታ ቦሌ ላይ ክትፎና እስክስታ። እንግዳው ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት ሲያይ ውሎ «ከተማችሁ ንጹሕ ናት» ብሎ ይሸኛል። ንጹሕ መሆኗን አልክድም። ግን ከተማን በመኪና መስኮት ያየ፣ አየ አይባልም፤ የሚያውቃት ቆሞ፣ ተጋፍቶ፣ የሰው ክርን ጎኑን እየነካው የተጓዘ ነው። ቀድሞ ሙያው ውስጥ የገባ ሰው ኋላ ለመጣው መምከር አለበትና፣ የባቡር ሽርሽር እንዴት እንደሚመራ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ምክሬ ስለ ባቡር ብቻ ነው። ሌላ ነገር የሰማ ካለ ጉዳዩን ከጆሮው ጋር ይጨርስ።

እንግዳችሁን የምትቀበሉት ቦሌ ነው። ማስፋፊያው በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ አየር ማረፊያው በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆኗል። እንግዳው ከበር እንደወጣ «ባቡሩ በየት በኩል ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ በለመደበት አገር ባቡሩ ከአውሮፕላኑ ሥር ነው የሚጠብቀው። አትደንግጡ። ቦሌ የሚደርስ ባቡር የለንም። እኛ ዘንድ ቦሌ የሄደ ሰው አንዴ ከሄደ ሄደ ነውና ሐዲድ ማን ያዘረጋለታል? ወጣቱ ሁሉ ዓይኑን ቦሌ ላይ የጣለው ለምን እንደሆነ ከጠየቃችሁ «ሰፈሩ ስለሚያምር» በሉት።

እውነትም ያምራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የኮሪደር ልማት ከአየር ማረፊያው እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ ሲኤምሲ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መንገድ ተለይቷል፣ ሕንፃው ታጥቦ ቀለም ተቀብቷል። ፊት ለፊቱን አሳዩት። የጀርባውን ነገር እንግዳ አይጠይቅም፤ የቤቱ ባለቤትም አይናገርም። ምናልባት ጠያቂ ሆኖ «እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሰዎችስ?» ካላችሁ፣ በአጭሩ «ተነሥተዋል» ብላችሁ ተርጉሙለት። ማልዶ የሚነሣ ሕዝብ ነው ብሎ አድንቆ ያልፋል።

ከቦሌ ወደ ስታዲየም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በሚኒባስ ታክሲ ሂዱ እንጂ እንግዳ ነው ብላችሁ መኪና አትከራዩለት። የታክሲው ነገር ራሱ አንድ ጉብኝት ነው። ኮት የለበሱ፣ ክላሰር ብብታቸው ሥር ያደረጉ ጎልማሳ አንድ ጧት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ስንሳፈር ለረዳቱ መቶ ብር ሰጥተውታል። ወሎ ሰፈር አለፈ፤ ኦሎምፒያ ስንቃረብ ጀርባውን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ መልሴስ?»

«ፋዘር፣ መልስ የለም።»

«እንዴት ነው የሌለው? ገና ስገባ አይደል የጠየቅሁህ?»

«መጠየቅማ ሁሉም ይጠይቃል ፋዘር። መልስ ከየት አመጣለሁ? ዝርዝር ይዘው አይገቡም?»

«ዝርዝር የሚጠበቀውማ ከእናንተ ነው። እኔ ድፍኑን ሰጥቻችኋለሁ።»

«አዩ ፋዘር፣ ድፍኑን ከሰጡ በኋላ ዝርዝር አይጠየቅም።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ያልሳቀው ሹፌሩ ብቻ ነበር፤ እሱ ሬድዮኑን ከፍ አደረገው። ሬድዮኑ ዜና ላይ ነበር። እንግዳችሁ «ምን ተፈጠረ?» ቢላችሁ ስለ ሳንቲም እንደሆነ ንገሩት፤ ስለ ሳንቲም ነውና።

ስታዲየም ስትወርዱ ባቡር ለመሳፈር አትጣደፉ። መጀመሪያ በእግር ለገሃር ድረሱ። ባቡር የሚባለውን ነገር የማያውቅ አገር የባቡር ታሪኩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ወይም እዚህ ላይ ነው ያለቀው፤ እንደ አቆጣጠራችን ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር እንዲገባ ታስቦ ተራራው ስለከበደ ሜዳ ላይ ቆመና፣ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በሰው አገር ሐዲድ ተነታረኩ። አዲስ አበባ ሲገባ 1909 ዓ.ም. ሆኗል። 784 ኪሎ ሜትር፣ 23 ዓመት። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አርፈው ስለነበር ያስጀመሩትን ባቡር መዲናቸው ሲገባ አላዩትም። የድሮ ሰው አንዱ ጉድለቱ ይህ ነበር፤ ሥራው እስኪያልቅ ምርቃት አያውቅም።

አሁን ይህ ጉድለት ታርሟል። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ምርቃቱ ከሥራው በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። በዓለም ላይ ባቡር በሰዓቱ ሲደርስ የሚኮሩ አገሮች አሉ። እኛ ከሰዓቱ ቀድሞ የሚደርስ ነገር አለን፤ ሪባኑ።

የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ከፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ ነው የቀረጸው። ፋሽስት ኢጣሊያ ነቅሎ ሮም ወሰደውና ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ሲወስዱት አላገሳም፤ ሲመልሱትም አላገሳም። ስንት ባቡር ሲመጣና ሲሄድ፣ ስንት ባለጊዜ ሲወጣና ሲወርድ እያየ ዝም ያለ አንበሳ ስለሆነ፣ በዚህ ከተማ ረጅም ዕድሜ እንዴት እንደሚገኝ ማየት የሚሻ እንግዳ ካለ ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ይነሣ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ቢሆኑ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የወጡት በዚህ መስመር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲገቡ ግን በጎጃም አድርገው በእንጦጦ በኩል መጡ። እንግዳችሁ የደርሶ መልስ ቲኬት ካማረው፣ በዚህ መስመር ለትልቅ ሰው የመልሱ ቲኬት ተቆርጦ እንደማያውቅ በትሕትና አስረዱት።

በጣቢያው ዙሪያ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶቹ ኢግል ሂልስ አዲስ መንደር ሊገነባ በ2011 ዓ.ም. ሥራው ይፋ ሆኗል። በዚያ በኩል ብዙ አትቆዩ፤ ለእንግዳ የተሠራን ነገር ለእንግዳ ማሳየት እሱን ለራሱ እንደማስተዋወቅ ነው።

ረጅም ሽርሽር የሚፈልግ ከገጠማችሁ ለቡ ውሰዱት። የጅቡቲው አዲስ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣቢያው በከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ቦሌ ወይም አያት ያደረ እንግዳ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ መጀመሪያ ከተማውን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ምዕራብ ደርሶ ይሳፈራል፤ ባቡሩ ደግሞ አዙሮ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። «ታዲያ ፊታችሁ ወዴት ነው?» ብሎ ግራ ቢገባው አትፍረዱበት። እኛም የምናውቀው ከተሳፈርን በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኬንያ ባቡር ከናይሮቢ ሞምባሳ ሲወርድ የጻቮን ዝሆኖች በመስኮት ያሳያል፤ የእኛም በአዋሽ በኩል ሲያልፍ የሚታይ አያጣም። ግመል አለ። ችግሩ ግመሉ በመስኮት ብቻ አይታይም፤ ሐዲዱም ላይ ይታያል። ከብትና ግመል ተገጨብኝ የሚል አርብቶ አደርና ካሳ የሚከፍል ባቡር የዚህ መስመር የታወቀ ታሪክ ነው። ግመል ስለ መስመር የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው አያቶቹ የጋጡትን ሣር ነው። ባቡሩ ደግሞ ይጮኻል እንጂ ዞር አይልም። ድሮ ግመሎቹ ይሄዳሉ፣ ውሾቹ ይጮኻሉ ነበር የሚባለው። አሁን ግመሎቹ ቆመዋል፤ የሚጮኸው የሚሄደው ሆኗል።

ወደ ከተማችን ባቡር እንመለስ።

ከመሳፈራችሁ በፊት እንግዳውን ስለ ቀለም አስጠንቅቁት። ቀላል ባቡራችን ሁለት መስመር አለው። ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ይወርዳል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው እሱ ነው። ለእሱ መንገድ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። በልማት የተነሣ ሁሉ እንደወጣ ይቀራል ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ሐውልት ለሆነ ሰው። አረንጓዴው ደግሞ መነሻው ጦር ኃይሎች፣ መድረሻው አያት ነው። በዚህች አገር ከጦር ኃይሎች የተነሣ መስመር ይኸኛው የመጀመሪያው አይደለም፤ ይኼ ግን ቢያንስ ፌርማታ ፌርማታው ላይ ይቆማል።

ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አስቸጋሪው ቦታ እዚህ ነው። አብረው ሲሄዱ ያየ ተሳፋሪ አንድ ናቸው ብሎ ያመጣለትን ይሳፈራል። ሲለያዩ ግን ሳይነግሩት ይለያያሉ፤ አረንጓዴ ላይ ነኝ ሲል ሰማያዊ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። ስንት ጨዋ ሰው መስመር ስቶ ቃሊቲ ወርዷል! ወደ ላይ የሚመለስ ባቡር የለም አልልም፤ አለ፤ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እንግዳችሁን «ከሁሉም በፊት ቀለሙን ተመልከት፤ ካላወቅህ ብዙው ሰው የቆመበት ቁም» በሉት።

ስለ ባቡሩ አኃዝ ከጠየቃችሁ በኩራት ንገሩት። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ፌርማታ፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከወጪው 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ዋጋው ሲከፈት እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ይህን ያህል ርካሽ የነበረው ቀሪው ሒሳብ ሌላ ቦታ ስለሚከፈል ነው። ብድሩን ተቀምጦ የሄደውም ይከፍላል፣ ቆሞ የሄደውም ይከፍላል፣ ከነጭራሹ ባቡሩ በሌለበት ገጠር ያለውም ይከፍላል። ከዚህ በላይ እኩልነት የት ይገኛል?

«41 ባቡር ካላችሁ ለምን ይህን ያህል እንጠብቃለን?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ባለፉት ዓመታት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳይሠሩ ቆመው ቆይተዋል። ምክንያቱም በግልጽ ተነግሯል፤ መለዋወጫ የለም፣ መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪም አልተገኘም። የተበላሸውን በሌላ መለወጥ ስላልተቻለ የተበላሸው እንዳለ ቦታውን ይዞ ቆሟል። ይህ በባቡር ላይ ብቻ የደረሰ ይመስል የሚገረሙ ሰዎች ያስቁኛል።

ባቡሩ መጣ እንበል። መጀመሪያ ግቡ፤ የሚወርድ ካለ ራሱ ይወጣል። ወንበሩ ጥቂት ነው፤ ቆሞ የሚሄደው ብዙ ነው። ወንበር የያዘውን ሰው አስተውላችሁ ተመልከቱት። ዓይኑን ጨፍኗል። እንግዳችሁ ሠርቶ የደከመ ሰው ነው ብሎ ያዝንለታል። አይደለም፤ ወንበሩ አጠገብ አሮጊት ቆመዋል፤ እንዳያያቸው ነው። ፌርማታው ሲደርስ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እሱ መሆኑ ያስታውቅበታል። ያ ቦታ ደግሞ ወዲያው በሌላ ይያዛል፤ የያዘውም ሳይውል ሳያድር እንቅልፍ ይወስደዋል። ወንበሩ ላይ አንዳች መድኃኒት ሳይኖርበት አይቀርም።

ባቡሩ ናፍጣ አይጠጣም፤ የሚሄደው በ750 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከላይ ነው። ከላይ ባለው ሽቦ ይወርድና ሞተሩን አዙሮ ከታች ባለው ሐዲድ በኩል ይመለሳል። ከላይ ያለውን መንካት ሞት ነው፤ የነካም አስጠንቃቂ ሆኖ ይቀራል እንጂ ምስክር አይሆንም። ከታች ያለውን ብረት ግን ማንም እየረገጠው ያልፋል፤ ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ የዋለው እሱ ነው። አልፎ አልፎ ኃይል ከላይ ሲቋረጥ ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን። ማን እንዳጠፋው አይነገርም። ተመልሶ ሲመጣ ግን ማን እንዳበራው እንሰማለን።

ከስታዲየም ወደ ምሥራቅ የመጀመሪያዎቹን ፌርማታዎች ቶሎ ቶሎ እለፏቸው። እስጢፋኖስ፣ ባምቢስ፣ ኡራኤል፣ ሃያ ሁለት፣ ለም ሆቴል፤ መስኮት ይዞ የተቀመጠ ሕንፃ ያያል፣ የቆመ የሰው ብብት ያያል። መገናኛ ላይ ግን አስወርዳችሁ ጥቂት አቁሙት። መገናኛ፣ ብዙኃን የሚርመሰመሱበት ነው። ከአራቱም ማዕዘን ይጮኻል። ጆሮውን ለሰጠ ግን የሚጮኸው ሁሉ ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ «አያት! አያት! አያት!» አንዱ የጠራውን ሌላው ተቀብሎ ይጠራል፤ የተለየ የሚጠራ ከተገኘ ተራ አስከባሪው ይመጣል። ተራ አስከባሪው ሲመጣ ያ ሰው ድንገት ድምፁ ይዘጋል። «ይህን ሁሉ ጩኸት ማን ያዳምጠዋል?» አለኝ አንድ ከሩቅ የመጣ ሰው። ማንም እንደማያዳምጠው፣ ካልተጮኸ ግን ተራ እንደማይገኝ አስረዳሁት።

ከመገናኛ ወዲያ መስመሩ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ግራና ቀኙም ታጥሯል። የምሥራቁ አዲስ አበባ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ማየት ያለባችሁ እዚህ ጋ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው፣ ጧፍ በፌስታል ይዘው ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ቅዱስ ሚካኤል ወዲያ ማዶ ይታያቸዋል። አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት መጣ።

«እናቴ፣ በዚህ ማለፍ አይቻልም። በማቋረጫው ይሂዱ።»

«ማቋረጫው የታል ልጄ?»

«ወደዚያ፣ ራቅ ይላል።»

«ይኸው ደወሉ እየተሰማኝ እኮ ነው።»

«አጥሩ የተሠራው ለደኅንነት ነው እናቴ።»

«እሱማ ነው። የቱስ ለደኅንነት ያልሆነ አለ?» አሉና ወደ ማዶ ተመለከቱ። «ያቺ የምታያት ሰማያዊ በር የክርስትና ልጄ እናት ቤት ነው። አጥሩ ሳይመጣ ቡና በወጭት እንላላክ ነበር። አሁን የምንሰማማው በስልክ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር። ልጆቻችንማ ‹የወዲያ ማዶ ልጆች›፣ ‹የወዲህ ማዶ ልጆች› ተባብለው ድንጋይ ጀምረዋል።»

ወጣቱ መልስ አልሰጣቸውም። ያሻገራቸውም የለም። ደቂቃ ሳይቆይ ባቡሩ በመካከል አለፈና ማዶውን ሸፈነው። እንግዳችሁ ይህን ሲያይ ካሜራ ማውጣቱ አይቀርም፤ ባቡሩን ያነሣል።

ጉርድ ሾላ አንድና ጉርድ ሾላ ሁለት የሚባሉ ፌርማታዎች አሉን። አንድ ሾላ ከተጎረደ በቂ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ የጎረደ እጅ ግን አንድ አይበቃውም። ከእነሱ ቀጥሎ ማኔጅመንት ነው፤ ከማኔጅመንት ቀጥሎ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ። እዚህ የሚወርደው ሰው ፋይል የያዘ ነው። አንዱ ፌርማታ ላይ ወርዶ ወደ ሌላኛው ተመልሶ የሚሳፈር፣ «ነገ ና» የተባለ ሰው ስትመለከቱ አትገረሙ። ቲኬቱ በደርሶ መልስ ቢሸጥ ኖሮ ያተርፍ ነበር።

ሲኤምሲ ታለፈ፤ መሪ ተቃረበ። በዚህ መስመር ላይ ከባቡርና ከታክሲ የቱ እንደሚሻል ሁልጊዜ ክርክር አለ። ባቡሩ ማንም ወረደ አልወረደ መሪ ላይ ይቆማል። የታክሲ ረዳት ግን ይጠይቃል፤ አንገቱን ወደ ውስጥ መልሶ፣ «መሪ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮኻል። የዚያን ጊዜ ታክሲው ውስጥ ጸጥታ ይሰፍናል። ማንም ትንፍሽ አይልም። ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ ፊታቸውን ወደ ጉዞው አድርገው የተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ ሽማግሌ ይህን ስናወራ ሰምተው እንዲህ አሉ፤

መሪ ላይ ደረስን ሲል ጮኸ ረዳቱ፣
ወራጅ የለም አሉ ወንበር የያዙቱ።

ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አያት የመስመሩ መጨረሻ ነው። ከአያት ያለፈ ሐዲድ አልተዘረጋም፤ የቱንም ያህል ብንጓዝ መጨረሻችን አያት ላይ መቆም ነው። በተለይ ጠብ ሲነሣ አያት ሳይደርስ የሚያቆም ሰው አላየሁም። እዚህ ዴፖ አለ፤ ባቡሮቹ ቆመው ያድራሉ፣ አንዳንዶቹም ቆመው ይውላሉ። እንግዳውን ለማስወረድ አትቸኩሉ፤ የጉብኝቱ ዋና ነገር የሚታየው ሰው ሁሉ ወርዶ በሩ ክፍት ሆኖ ሲቆም ነው። መኪና አዙሮ የሚመለስ ሹፌር መሪውን ያሽከረክራል። ባቡር አይዞርም። ከፊትም ከኋላም የሹፌር ክፍል ተሠርቶለታል። ሹፌሩ ቦርሳውን አንሥቶ ከፊተኛው ይወርዳል፣ በፌርማታው ላይ ጥቂት ይራመዳል፣ ከኋለኛው ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። በቃ። ኋላ የነበረው ፊት ሆነ፤ ፊት የነበረውም ኋላ። ባቡሩ ያው ባቡር፣ ሐዲዱም ያው ሐዲድ። ቀለሙን እንኳ የነካው የለም።

ባርኔጣ የያዙት ሽማግሌ አልወረዱም ነበር። ሹፌሩ በመስኮት በኩል ሲያልፍ በዓይናቸው ተከተሉትና ከጎናቸው ወደ ቆመው ተማሪ ዞሩ።

«ልጄ፣ አዲስ ሹፌር መጣ እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ያው ነው። በኋላ በኩል ዞሮ ገብቶ ነው።»

«ታዲያ እኛስ መቀየር የለብንም?»

«እርስዎማ ባሉበት ይሁኑ። አሁን ፊትዎን ወደ ኋላ አድርገው ወደ ፊት ይሄዳሉ።»

ሽማግሌው ይህን አሰቡበት። ከዚያ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ወደ ወንበሩ ጥግ ተደገፉ።

«እንግዲያው መሪ ሲመጣ ቀስቅሰኝ።»

«አባባ፣ መሪ እኮ ቀጥሎ ነው፤ አሁን ይደርሳል።»

«እሱንማ ሲሉኝ ነው ያረጀሁት» አሉት።